ቃሌን አትጨርሱልኝ

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ማንኪያው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳጎነብስ ጣቶቼ አንታዘዝም አሉኝ። የቆመውን ደንበኛ «ትንሽ ታገሠኝ» ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ሰውየው ሳቀ። የምቀልድ መስሎታል።

ባለቤቴ ዘይነባ ከጓዳ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

«ወባ ነው» አለች።

እኔም በልቤ ወባ ነው አልኩ። ጋምቤላ የኖረ ሰው ይረዳኛል። እዚህ ራስ ካመመ ወባ ነው፣ ጉልበት ከራደ ወባ ነው፣ ምግብ ካስጠላም ወባ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ ለሰፈራ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደያዘኝ አላውቀውም። እንዲህ የኖረ ሰው ሐኪም አይጠይቅም፤ ክኒኑን ቤቱ ያስቀምጣል። ዘይነባ ክኒኑን በውሃ ሰጠችኝ። ግማሹ ውሃ በአፌ ጎን ፈሰሰ። ምን ማለት እንደሆነ እሷም አላስተዋለችም፣ እኔም አላስተዋልኩም። አስተኛችኝና ሱቁን ያዘች።

አሥር ሰዓት ላይ ሾርባ ይዛ ስትገባ የፊቴ ቀኝ ጎን ወርዶ አገኘችው። ጮኸች። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ግፊቴን ለካ። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ።

«መቼ ጀመረው?» አለ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለች ዘይነባ።

የእጅ ሰዓቱን አየ። ያንን አስተያየቱን አልረሳውም።

«ይህ ስትሮክ ነው። ስትሮክ ላይ እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት» አለ። ቀጥሎ፦ «የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

ዘይነባ እኔን አየችኝ። ታዞልኝ ነበር። ሁለት ወር ውጬ ደህና ነኝ ብዬ ተውኩት። ዘይነባ ስትለምነኝ «እኔ ነኝ የማውቀው ሰውነቴን» እላት ነበር። ይህን የጻፍኩት ማንም እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። መሳቢያው ውስጥ እንደኔ ክኒኑን የደበቀ ግትር ሽማግሌ ካለ እንዲያወጣው ነው።

በአምቡላንስ ጅማ ተወሰድኩ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። በግራ በኩል ያለው የአንጎሌ ደም ሥር ተዘግቷል። የጅማው ሐኪም ሸምገል ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ለቤተሰቡ አይደለም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«አፌዥያ ይባላል» አለኝ። «ያወቁትን አልረሱም። ቃሉን የሚያወጣው ቦታ ነው የተጎዳው። ሌላው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንዲለምድ ማሠራት አለብዎ። በየቀኑ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ፣ ያንብቡ፣ ያውሩ። ከተዉት ይቀራል።»

እውነቱን ነው፣ አልረሳሁም። ብርጭቆውን አያለሁ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ እንደምፈልግ አውቃለሁ። «ውሃ» ማለት ግን አልችልም። የሚገርመው ሌላ ነው። የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ጀምሬ እስከ «አሚን» ድረስ ሳልደናቀፍ ደረስኩ። ዘይነባ ዳነልኝ ብላ አለቀሰች። ወዲያው ስሟን ልጠራ ሞከርኩ። አልመጣም። ሐኪሙ በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር በሌላ መንገድ እንደሚወጣ ነገረን። ጌታዬ የእሱን ቃል አልነጠቀኝም። የእኔን ነው የተነጠቅሁት።

ወደ ቤት ስመለስ የካቲት ነበር፣ ቆርቆሮው የሚያቃጥልበት ወር። ጠያቂ መጣ። አልጋዬን ከበው ስለ እኔ ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ነኝ። በሕይወት ካሉት ልጆቼ ትልቁ፣ ጀማል፣ ጅማ ነው የሚኖረው፣ ደህና ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ለእናቱ እንዲህ አላት፦

«ለዐረፋ ዘመድ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹን እናስቀምጥና እንጨርሰው። ሱቁ ይከራይ፣ እናንተ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። አባ በዚህ ሁኔታ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«አይሆንም» ልል ነበር። «አሎ፣ አሎ» አልኩ።

«እሺ እያለ ነው» አለ ጀማል።

ያኔ ነው በሽታው ምን እንደወሰደብኝ የገባኝ። መናገር የማይችል ሰው እሺ ያለ ሰው ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ነው ከልመና የወጣሁት፣ ዘይነባን ያገባሁት፣ የበኩር ልጃችንን የቀበርነው። ከዚህ እንድወጣ የሚወስን ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እስከ ዐረፋ አራት ወር ግድም አለኝ። በእነዚህ ወራት ውስጥ እምቢ ማለትን መማር ነበረብኝ።

አማርኛውን ሞከርኩት። የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አመጡልኝ። «በግ» ልል «በር» እላለሁ። ያፍራል ሰው። ሃያ አምስት ዓመት ነጋዴ የነበርኩ፣ በምላሴ የኖርኩ ሰው ነኝ። እያንዳንዷ ስህተት የድሮውን ሰይድ አምጥታ ፊቴ ታቆመዋለች። በሳምንቱ መጽሐፉን ወረወርኩት። በግራ እጄ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም።

አጁሉ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አጁሉ የኛ ሰፈር መምህርት ናት፣ አኙዋክ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው። ሕፃን ሆና ድንበር ተሻግራ በስደት ያደገች ስለሆነች እንግሊዝኛዋ ከአማርኛዋ ይበልጣል። ከእኔ ሱቅ መግዛት የጀመረችው ገና አማርኛ ሳትለምድ ነው። ሽማግሌውንም ወጣቱንም «አንተ» ትላለች። ድሮ ይከነክነኝ ነበር። አሁን ግን «አንቱ» ይሉኝ የነበሩት ሁሉ እንደሌለሁ ቆጥረው ሲያወሩ እሷ ብቻ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባ ሰይድ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዘይነባ ከበሩ ላይ «ውሃ ነው፣ ውሃ» አለች። አጁሉ እጇን አነሳች።

«ቆይ እማማ። እሱን ነው የጠየቅሁት።»

ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ምንም አልወጣኝም። ግን የሚጠብቀኝ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሳቅ እያለች እንዲህ አለችኝ፦

«አንድ ጊዜ ሻማ ልገዛ መጣሁ። ቃሉ ጠፋብኝ። ‹እሳት፣ መብራት› ስልህ አንተ ‹ክብሪት› ብለህ ጨረስክልኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክብሪት ይዤ ቤት ገባሁ። በጨለማ ተቀመጥኩ። አሁን አንተ እኔን ሆንክ።»

እውነት ነው። የእኛ የሱቅ ሰዎች ልማድ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ደንበኛህ ኑዌር ነው፣ አኙዋክ ነው፣ መዠንግር ነው፤ አማርኛ የሁሉም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሰው ቃል ሲፈልግ አንጠብቅም፤ ቀድመን እንጨርስለትና የመሰለንን እናስይዘዋለን። ፈጣን ነጋዴ ይባላል ይህ። እኔም በፍጥነቴ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

አጁሉ በወጣትነቴ ኢታንግ በስደተኞች ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከፈረንጆች ጋር አወራ እንደነበር ታውቃለች። አራተኛ ክፍል አልጨረስኩም፣ ግን ጆሮዬ እንግሊዝኛ ይዟል። የከረጢትና የመኪና እንግሊዝኛ ነው። ስልኬን ተቀበለችኝና አንድ ነገር ፈልጋ ከፈተች። የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ተረት ማንበብ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደራሲዎቻቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው የእንግሊዝ መጻሕፍት አሉ፣ የቅጂ መብታቸው ጊዜ ስላለቀ ማንም ቢያነባቸው የሚከለክለው የለም። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጠዋል። አንዳንድ ደግ ሰዎች ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ሳይከፈላቸው፣ ጮክ ብለው እያነበቡ ድምፃቸውን ይቀዳሉ። ጽሑፉንም አብሮ ማግኘት ይቻላል፤ ፊደሉንም የጣት ያህል ማጉላት ይቻላል። የማታውቀውን ቃል በጣት ስትነካው ድምፁን የሚነግር ነፃ መዝገበ ቃላትም አለ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን አጁሉ አውርዳ ስልኩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሲጠፋም ችግር የለም።

ለምን በእንግሊዝኛ እንደቀለለኝ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። በአማርኛ ስሳሳት የተሰበረ ሰው ነኝ። በእንግሊዝኛ ስሳሳት ግን ተማሪ ነኝ። ድሮም አላውቀውም። የምነፃፀርበት ሌላ ሰይድ የለም። የጅማው ሐኪም ለክትትል ስሄድ ይህን ሲሰማ «ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም፤ እርስዎን በየቀኑ አፍዎን ካስከፈተዎ ግን ይቀጥሉ» አለኝ። የታዘዙልኝን መድኃኒቶች፣ አስፒሪኑን፣ አምሎዲፒኑንና አቶርቫስታቲኑን፣ እንዳላቋርጥም አስጠነቀቀኝ። አላቋረጥኩም።

ሥራዬ ይህ ሆነ። ጠዋት ፊዚዮቴራፒውን እሠራለሁ፣ ኳስ መጭመቅና ጣቶቼን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማራመድ። ከዚያ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ስልኩን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ። አቆማለሁ። እላለሁ። አይወጣም። እንደገና እሰማለሁ። ግማሹ አይገባኝም ነበር። ግማሹ ግን ይገባኝ ነበር፣ አራተኛ ክፍል ላልጨረሰ ሽማግሌ ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ እሱ ራሱ ይሞክረው። አንባቢዎቹን በድምፅ ለየኋቸው። አንዷ ትስላለች። አንዱ ጋ ውሻ ይጮሃል፤ ሰውየው ትንሽ ያቆምና ውሻው ሲበቃው ይቀጥላል። ወደድኩት ይህን ሰው።

እንግሊዞች እንደ መጻሕፍቱ ከሆኑ ብዙ ሻይ ይጠጣሉ፣ ብዙ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። ስለ ዝናብ ሁለት ገጽ ይናገራሉ። ነሐሴ ላይ ባሮ ወንዝን ሞልቶ ቢያዩ ምን ሊሉ ነው? ግጥሞቻቸው ግን አጫጭሮች ስለሆኑ ጠቀሙኝ። አራት መስመር ያላት አንዲት የባሕር ግጥም አለች። ሃያ አንድ ቀን ፈጀችብኝ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ከላይ እስከ ታች አልኳት። ዘይነባ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ውሃ ማለት ያቃተው ሰው እንግሊዝ ሆኖ አረፈው» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልጠየቅኋትም።

ሰፈሩ ሰማና መጣ። የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ሐጂ ያሲን፣ የአርባ ዓመት ወዳጄ፣ በምላሱ የማይነካው የለም።

«ሰይድ፣ አንድ እግርህ መቃብር ደርሶ አሁን ነው ፈረንጅኛ? ቁርኣን አይሻልህም?»

ያን ቀን መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ በጽሑፍ እመልስለታለሁ። ያሲን፣ ቁርኣኑ አፌ ውስጥ ነበር፣ አልጠፋም። እኔ የምፈልገው የጠፋውን ነው። እግሬ መቃብር ከደረሰ ደግሞ ምላሴ ገና አልደረሰም።

ግን ግጥም በእንግሊዝኛ ማለት ለሽማግሌዎች ምን ይጠቅማል? ይህን ራሴም አውቀው ነበር። ዐረፋ እየቀረበ ነው፣ «አይሆንም» ገና አልመጣም። መንገዱን የከፈተችው ዘይነባ ናት፣ ሳታስበው።

አባታቸው ድንበር ላይ በተከላት የፖም ዛፍ የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ እየሰማሁ ነበር። ዘይነባ እንግሊዝኛ አትሰማም። ድምፁ ሲጮህ ግን ጠብ እንዳለ ገባት። ሽንኩርቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ሆኑ?» አለች።

ዛፉን በእጄ አሳየኋት። ሁለት ጣት አሳየኋት። «ወንድም» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። ሁለታችንም ደነገጥን።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ትንሹ… ትንሹ… የ…» ቃሉ ጠፋ። ትንሹ ወንድም ዛፏን ያጠረባትን ነገር ነው የምፈልገው፤ በእጄ ክብ ሠራሁ። ዘይነባ አውቃዋለች፣ ዓይኗ ላይ አይቼዋለሁ። አፏን ልትከፍት ስትል በግራ እጄ ከለከልኳት። አጁሉም ነግራታለች፣ እንዳትጨርሺለት ብላ። ከንፈሯን ነከሰች። ሽንኩርቱ እጇ ላይ ቀረ። «ላም… እንዳይገባ… እንጨት…» አልኩ። ላቤ ወረደ። ከዚያ መጣ።

«አጥር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ወዲያው ደግሞ፦ «ዛፏ ለማን ደረሰች?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየት ያለ ሥራ ሆነ። ጠዋት እኔ በእንግሊዝኛ እሰማለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለዘይነባ በአማርኛ እተርክላታለሁ። እሷ መጨረሻውን ካልሰማች እንቅልፍ የላትም። ቃል ሲጠፋብኝ ትታገሣለች፣ አንዳንዴም «ቶሎ በል እንጂ፣ ሰውየው ሞተ ወይስ አልሞተ?» ትላለች። በልጅነቷ ፊደል አልቆጠረችም፣ በነዚያ ወራት ግን ከእኔ ጋር ስንት መጽሐፍ ጨረሰች። ማንጎው በስሎ መውደቅ ሲጀምር አሥር ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር እቀጥል ነበር፤ ዝናቡ መጥቶ ከዛፉ ሥር ወደ በረንዳ ሲያስገባን ደግሞ አንድ ሙሉ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መሃሉን እየዘለልኩም ቢሆን፣ አደርስላት ጀመር።

ዐረፋ ደረሰ። በበዓሉ ማግስት ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀመጡ። ሐጂ ያሲንም አለ። ጀማል በደንብ ተናገረ። ሐኪም ጅማ ይቀርባል አለ፣ እናቴ ደክማለች አለ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ተነሳሁ። መቀመጥ ይቻላል፣ ግን ቆሜ ነው መናገር የፈለግሁት።

«እኔ…» አልኩ።

ቃሉ ሄደ። ጀማል አዘነልኝ።

«አባ እሺ ነው የሚለው…»

«ቆይ» አልኩት።

ቆየ። ሁሉም ቆዩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«እኔ… አልሄድም» አልኩ። «ቤቴ እዚህ ነው። ልጄ… እዚህ ተቀብሯል። ሱቁን… ዘይነባ ትይዛለች። እኔ… እመዝናለሁ። በግራዬ።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «ስሞት… ያኔ… ትወስናላችሁ።»

ጀማል አንገቱን ደፋ። «እሺ አባ» አለ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ሐጂ ያሲን ዝም ማለት አይችልም። «እስቲ ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገመው።»

«ኖ» አልኩት።

አሁን ዓመት አልፎኛል። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ቀኝ እጄ ማንኪያ ይይዛል፣ እስክሪብቶ ግን አልያዘልኝም፤ ይህን የጻፍኩት በግራዬ፣ በደብተር፣ በሁለት ወር ነው። የተሳሳተ ፊደል ስላበዛሁ አጁሉ አንብባ አቃንታልኛለች። የሰው ስም ዛሬም ይጠፋብኛል። ሲደክመኝ ቃሉ ይከዳኛል። ግን እኔን ሳይጠይቅ ማንም ስለ እኔ አይወስንም።

ለሁለቱ ሐኪሞች፣ ለአጁሉ፣ ለጀማልም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ለዚያ ውሻው ለሚጮህበት ሰውም፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱም ጋምቤላ የት እንዳለች ላያውቅ ይችላል፣ ግን ቤቱ ተቀምጦ ያነበበው እኔን አናግሮኛል። ለዘይነባ የምለውን ለራሷ ብያታለሁ።

በዚህ በሽታ ቤቱ ለተመታ ሰው የምለው ጥቂት ነው። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከከዳ፣ ንግግር ከተምታታ ወባ ነው አትበሉ። ክኒን አትስጡ፣ አታስተኙ፣ በተገኘው ባጃጅ ሐኪም ቤት ሩጡ። የግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ደህና ሲሆን የሚተወው አይደለም፤ ደህና የሆነው በመድኃኒቱ ነው። ቃል የጠፋበት ሰው ሞኝ አልሆነም፣ አልደነቆረም፣ አትጩሁበት። ጠብቁት። በሽተኛው አንተ ከሆንክ ደግሞ አፍህን የሚያስከፍትህን ነገር ፈልግ፣ መንዙማም ይሁን የኳስ ወሬ፣ ሰው የሚስቅበትም ቢሆን። የእኔው የእንግሊዝ መጻሕፍት ሆኑ። ማን ይከለክለኛል? በነፃ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጀዊ የስደተኞች ጣቢያ የመጣች አንዲት ኑዌር ሴት ሱቃችን ቆመች። ቃል እየፈለገች ነበር። «ማታ… ይሄ…» ብላ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየችን። ዘይነባ እጇን ወደ ክብሪቱ ስትዘረጋ በቀስታ ያዝኳት። ወረፋው ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ሴትየዋ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

«ሻማ» አለች።

ሻማ ሰጠናት።